ታላቁ መልአክ 800 ሺህ፣ ታናሹ ከ2 ሚሊዮን በላይ፦ የቀራጺው አንቶኒ ጎርምሊ ሕይወትና ገበያ

በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ጌትስሄድ በምትባለው ከተማ ዳር፣ ከመኪናው አውራ ጎዳና አጠገብ፣ ክንፉን የዘረጋ የብረት መልአክ ቆሟል። ቁመቱ 20 ሜትር፣ ክብደቱ 200 ቶን ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ተሠርቶ ሲተከል የወጣበት ጠቅላላ ወጪ 800 ሺህ ፓውንድ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የዚሁ መልአክ ናሙና የሆነና ከሰው ቁመት የማይበልጥ ቅርጽ ለንደን ላይ በሶዝቢስ የጨረታ ቤት ቀርቦ በ2.28 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጠ። በ2011 ሌላ የሰው ቁመት ያለው ናሙና በክርስቲስ የጨረታ ቤት 3.4 ሚሊዮን ፓውንድ አወጣ።

ብረት በኪሎ የሚነግድ ሰው ይህን ሲሰማ የሒሳብ ስህተት ያለ ሊመስለው ይችላል። በአሥር ዓመት ውስጥ ፓውንድ የመግዛት አቅሙ መቀነሱ ቢታሰብ እንኳ ታናሹ ከታላቁ በሦስትና በአራት እጥፍ የሚወደድበት ምክንያት ከብረቱ ውስጥ አይገኝም። ምክንያቱ ያለው በሠሪው ስም፣ በቅጂው ቁጥርና በባለቤትነቱ ዓይነት ላይ ነው። ሦስቱን ለመረዳት ደግሞ የሠሪውን የሕይወት መንገድ ከሥሩ መከተል ይጠቅማል።

ከሰባት ልጆች የመጨረሻው

አንቶኒ ጎርምሊ ነሐሴ 1950 ለንደን ውስጥ ተወለዱ። እናታቸው ጀርመናዊት ነበሩ፤ ቤተሰቡ የካቶሊክ እምነት ተከታይና የደላው ነበር። ጎርምሊ ከሰባት ልጆች የመጨረሻው ናቸው። በልጅነታቸው ከምሳ በኋላ እንዲተኙ እየታዘዙ ጠባብና ሞቃት ክፍል ውስጥ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆዩ እንደነበር፣ በዚያ ጨለማ ውስጥ የገዛ ሰውነታቸው ውስጡ ሰፊ ቦታ ሆኖ ይሰማቸው እንደነበር በተለያዩ ጊዜያት ተናግረዋል። በኋላ ከእጃቸው የወጡት ቅርጾች ሁሉ የዚያ ስሜት ልጆች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ትምህርታቸው በቀጥታ ወደ ጥበብ አልወሰዳቸውም። ከ1968 እስከ 1971 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ትሪኒቲ ኮሌጅ የአርኪዮሎጂ፣ የአንትሮፖሎጂና የጥበብ ታሪክ ትምህርት ተከታተሉ። ከዚያም ወደ ሕንድና ወደ ስሪላንካ አቅንተው እስከ 1974 ድረስ የቡድሂስት ሃይማኖት ተመስጦ ሲማሩ ቆዩ፤ መነኩሴ የመሆን ሐሳብም ነበራቸው። በሕንድ ጎዳናዎች ላይ አንድ ጨርቅ ከራስ እስከ እግር ተከናንበው የሚተኙ ሰዎችን ማየታቸው ለመጀመሪያዎቹ ሥራዎቻቸው መነሻ ሆነ። አገራቸው ተመልሰው በጀሶ የተነከረ አንሶላ በተኛ ወዳጃቸው ላይ በማልበስ፣ ጀሶው ሲደርቅ ሰውየው ከውስጥ እንዲወጣ አደረጉ። የቀረው የሰው ቅርጽ ያለው ባዶ ልባስ ነበር።

እስከ 1979 ድረስ በለንደን ሦስት የጥበብ ትምህርት ቤቶች፣ ማለትም በሴንትራል፣ በጎልድስሚዝስና በስሌድ ተምረዋል። በ1981 በኋይትቻፕል ጋለሪ የግል ኤግዚቢሽን አቀረቡ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ሠላሳ ዓመት ገደማ ነበር።

ከዳቦ የጀመረ ካፒታል

ወጣቱ ቀራጺ በዚያ ዘመን ውድ ጥሬ ዕቃ የሚገዙበት አቅም አልነበራቸውም። ከታወቁት ቀደምት ሥራዎቻቸው አንዱ የሆነው «አልጋ» ከሱቅ በተገዛ የተቆራረጠ ዳቦ የተሠራ ነው። ዳቦው በፓራፊን ሰም ተነክሮ እንደ ጡብ ተደርድሯል። በመካከሉ የሰው ገላ ያረፈበት የሚመስል ጎድጓዳ ቦታ አለ። ከዚያ ጎድጓዳ የወጣውን ዳቦ ጎርምሊ ራሳቸው በልተውታል። ሥራው ዛሬ ቴት በተባለው የእንግሊዝ ብሔራዊ የጥበብ ስብስብ ውስጥ ይገኛል። የጥሬ ዕቃ ዋጋና የሥራ ዋጋ የማይገናኙበት ገበያ መሆኑን ለማሳየት ከዚህ የቀለለ ምሳሌ አይገኝም።

ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ጎርምሊ የሚታወቁበትን የአሠራር ዘዴ ያዙ። ሐውልት ሲባል በብዙ አገር ንጉሥ ወይም ጀግና በፈረስ ተቀምጦ ነው የሚታሰበው። የጎርምሊ ቅርጾች ግን ማንንም አያወድሱም፤ የፊት መልክ እንኳ የላቸውም። የተወሰዱት ከቀራጺው ከራሳቸው ገላ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ጎርምሊ ራቁታቸውን ሆነው ገላቸው በስስ ፕላስቲክ ይጠቀለላል። በላዩ በጀሶ የተነከረ ጨርቅ ይለጠፋል። ጀሶው እስኪደርቅ ድረስ ሳይንቀሳቀሱ ከአንድ ሰዓት በላይ ይቆማሉ፣ ይቀመጣሉ ወይም ይተኛሉ። ከዚያ ልባሱ ተቀዶ እሳቸው ይወጣሉ፤ ቁራጮቹ ተመልሰው ሲጋጠሙ ፎርማ ይሆናሉ። ለብዙ ዓመታት ይህን የጀሶ ሥራ ይሠሩ የነበሩት በ1980 ያገቧቸው ባለቤታቸው ሠዓሊዋ ቪከን ፓርሰንስ ናቸው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፎርማው በእርሳስ ንጣፍ ይለበጥ፣ ንጣፉም በብየዳ ይገጣጠም ነበር። በኋላ ወደ ቀለጠ ብረት ተሸጋገሩ። በዚህ ሽግግር ውስጥ ለነጋዴ የሚታይ ቁም ነገር አለ። በእጅ ተቀጥቅጦ የሚለበጥ የእርሳስ ቅርጽ አንድ ብቻ ነው። ቀልጦ ከሚፈስ ብረት የሚወጣ ቅርጽ ግን ከአንድ ፎርማ ደጋግሞ ሊወጣ ይችላል። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ «ስንት ቅጂ አለ?» የሚለው ጥያቄ የዋጋው ዋና መሠረት ሆነ።

አርባ ሺህ የሸክላ ሰዎች

የጎርምሊን ስም ከጥበብ ክበብ አውጥቶ ወደ ሕዝብ ያደረሰው ሥራ ብረት ያልነካው ነው። «መስክ» በሚል ስም በተለያዩ አገሮች የተሠራው ተከታታይ ሥራ በእጅ የተድቦለቦሉ ትናንሽ የሸክላ ሰዎችን አንድ ክፍል ሙሉ አጭቆ ማቆም ነው። ተመልካቹ ወደ ክፍሉ መግባት አይችልም፤ ከደጃፍ ቆሞ ሲመለከት ሁሉም በሁለት ሁለት ዓይናቸው ወደ እሱ ያያሉ። በሜክሲኮ ቾሉላ ውስጥ የሠሩት ጡብ በመሥራት የሚተዳደሩ ቤተሰቦች ነበሩ። በ1993 በእንግሊዝ ሴንት ሄለንስ ከተማ መቶ ያህል የአካባቢው ነዋሪዎች፣ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ፣ ወደ 40 ሺህ የሚጠጉ ቅርጾችን አበጁ። የተሰጣቸው መመሪያ አጭር ነበር፤ በእጅ የሚያዝ መጠን ይኑረው፣ ራሱን ችሎ ይቁም፣ ሁለት ዓይን ይኑረው የሚል።

በዚህ ሥራ ምክንያት ጎርምሊ በ1994 በአገሪቱ ለዘመናዊ ጥበብ ከሚሰጡት ሽልማቶች ሁሉ ስመ ጥር የሆነውን የተርነር ሽልማት አሸነፉ። የዚያ ጊዜው የሽልማት ገንዘብ 20 ሺህ ፓውንድ ነበር። 40 ሺህዎቹ የሸክላ ሰዎች አሁን የእንግሊዝ የጥበብ ምክር ቤት ስብስብ ንብረት ናቸው። የአንዱን ሰው ሥራ ብዙ እጅ ሲሠራው ዋጋው የማን ነው የሚል ክርክር በጊዜው መነሣቱ አልቀረም። ገበያው የሰጠው መልስ ግልጽ ነው፤ ዋጋው የሚከተለው ሐሳቡን ያመነጨውንና ስሙን ያስያዘውን ሰው ነው። ሕንጻ ሠሪው ብዙ ሆኖ ሕንጻው በአርክቴክቱ ስም እንደሚጠራ ማለት ነው።

የጌትስሄድ ቁማር

በዚያው በ1994 የጌትስሄድ ከተማ ምክር ቤት ለአንድ ትልቅ ሐውልት ጎርምሊን መረጠ። ጌትስሄድ የከሰል ማዕድንና የከባድ ኢንዱስትሪ አገር ነበረች። ማዕድኑ ተዘጋ፣ ፋብሪካውም ቀነሰ። ሐውልቱ እንዲቆም የተመረጠው ኮረብታም የቀድሞው የማዕድን ሠራተኞች መታጠቢያ ቤት የነበረበት ቦታ ነው። ጎርምሊ ቅርጹን ሲያስረዱ ከዚያ መሬት ሥር ለሁለት መቶ ዓመታት ሰዎች በጨለማ መሥራታቸው እንዲታወስ፣ ከኢንዱስትሪ ዘመን ወደ መረጃ ዘመን የሚደረገውም ሽግግር እንዲታይበት ማሰባቸውን ገልጸዋል።

ነዋሪው ግን ወዲያው አልተቀበለውም። ሥራ አጥነት ባለበት ከተማ ለብረት መልአክ ገንዘብ መመደብ ቅንጦት ነው የሚል ተቃውሞ ተነሣ። የአካባቢ ጋዜጦች ዘመቱበት። የሹፌሮችን ዓይን እየሳበ አደጋ ያመጣል የሚሉም ነበሩ። ምክር ቤቱ አልተመለሰም። የ800 ሺህ ፓውንዱ አብዛኛው ክፍል የመጣው ከብሔራዊ ሎተሪ ሲሆን፣ ከአውሮፓ የክልል ልማት ፈንድም ድጋፍ ተገኝቷል። በሌላ አነጋገር ከተማዋ ሐውልቱን የተከለችው በአብዛኛው ከውጭ በመጣ ገንዘብ ነው።

የምሕንድስናው ሥራ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። የመልአኩ ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 54 ሜትር ነው፤ ከቦይንግ 767 አውሮፕላን ክንፍ ይሰፋል። ኮረብታው ላይ የሚነፍሰው ነፋስ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ሊደርስ ስለሚችል፣ ይህን ሁሉ ክንፍ ተሸክሞ እንዳይወድቅ መሠረቱ 20 ሜትር ወደ ታች ወርዶ ከአለት ጋር ተያይዟል። ብረቱ በውስጡ ጥቂት መዳብ ያለበት ልዩ ዓይነት ነው፤ ላይኛው ዝገት እንደ ቀለም ሆኖ የውስጡን ብረት ይጠብቃል። ስለዚህ ቀለም መቀባት አያስፈልገውም። ገላው ውስጡ ክፍት ሆኖ ትከሻው ላይ የመፈተሻ በር አለው። ከመቶ ዓመት በላይ እንዲቆይ ታስቦ የተሠራ ነው። ሥራውን ያከናወነው በሃርትልፑል የሚገኝ የብረታ ብረት ድርጅት ሲሆን፣ አካሉና ሁለቱ ክንፎች በሦስት ከባድ ተሽከርካሪዎች በሌሊት ተጓጉዘው በየካቲት 1998 ተገጣጠሙ።

800 ሺህ ፓውንድን ለ200 ቶን ስናካፍለው ለአንድ ቶን 4 ሺህ፣ ለአንድ ኪሎ 4 ፓውንድ ይመጣል። በዚህ ውስጥ ብረቱ፣ ብየዳው፣ መሠረቱ፣ ማጓጓዣውና የባለሙያው ክፍያ አሉበት። ለሐውልት ቀርቶ ለአንድ ከባድ የብረት መዋቅር እንኳ የተጋነነ ዋጋ ነው ለማለት ያስቸግራል።

ተቃውሞው የበረደበት ፍጥነት ብዙዎችን አስገርሟል። በተተከለ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ግንቦት 1998፣ የኒውካስል እግር ኳስ ቡድን ደጋፊዎች የአጥቂውን የአለን ሺረርን ቁጥር የያዘ ግዙፍ ማልያ አልብሰውት ነበር። ሕዝብ ማልያውን ያለበሰው ነገር የራሱ ሆኗል ማለት ነው። የከተማው ምክር ቤት በየዓመቱ 33 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከመኪናና ከባቡር መስኮት ሆነው መልአኩን እንደሚያዩት ይገምታል። ከዚያ በኋላ በ2001 የሚሌኒየም ድልድይ፣ በ2002 ባልቲክ የተባለው የጥበብ ማዕከል፣ በ2004 የሙዚቃ አዳራሽ በዚያችው ከተማ ተከፍተዋል። ይህ ሁሉ የመልአኩ ውጤት ነው ማለት አይቻልም። ዳሩ ግን በትልቅ የጥበብ ሥራ ላይ ገንዘብ የማውጣት ፖለቲካዊ ድፍረት የመጣው ከእሱ በኋላ ነው።

ምክር ቤቱ ሌላም ያላሰበው ትርፍ አግኝቷል። ሐውልቱ ከመሠራቱ በፊት ለማስረጃ የተሠራ አንድ ናሙና በእጁ ቀርቶ ነበር። በ2008 ይኸው ናሙና አሮጌ ዕቃ በሚገመትበት የታወቀ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ቀርቦ የ1 ሚሊዮን ፓውንድ ግምት ተሰጠው። ናሙናው ብቻውን ከዋናው ሐውልት ወጪ በለጠ።

ታናሹ ለምን ተወደደ?

ወደ መነሻው ጥያቄ እንመለስ። የመጀመሪያው ምክንያት ታላቁ መልአክ አይሸጥም። የሕዝብ ንብረት ነው፤ ነቅሎ የሚወስደው፣ ወስዶም የሚያስቀምጥበት ቦታ ያለው ገዢ የለም። ገበያ የሌለው ዕቃ ወጪ እንጂ ዋጋ የለውም። ናሙናው ግን በአንድ ሳሎን ወይም በአንድ ግቢ ይቆማል፤ በመርከብ ይጫናል፤ ኢንሹራንስ ይገባለታል፤ ነገ መልሶ ይሸጣል።

ሁለተኛው ምክንያት ታላቁ ለታናሹ ማስታወቂያ መሆኑ ነው። 33 ሚሊዮን ሰው በየዓመቱ በነጻ የሚያየውን ቅርጽ ታናሽ ወንድም በቤቱ የሚያኖር ገዢ የሚከፍለው ለዝናው ጭምር ነው። ለዚህ ማስታወቂያ የከፈለው ሎተሪ ቆራጩ ሕዝብ ሲሆን፣ ጥቅሙን ያፈሱት ናሙናውን ቀድመው የገዙ ሰዎች ናቸው። በጥበብ ገበያ ውስጥ የሕዝብ ገንዘብና የግል ትርፍ የሚገናኙበት ቦታ ይህ ነው፤ ቅሬታም የሚነሣው እዚሁ ላይ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት የቅጂ ገደብ ነው። ቀልጦ በሚፈስ ብረትና በነሐስ ሥራ ቀራጺው ከመጀመሪያው «ከዚህ ፎርማ ይህን ያህል ብቻ አወጣለሁ» ብሎ ቃል ይገባል፤ እያንዳንዱም ቁጥር ይሰጠዋል። በፈረንሳይ የግብር ሕግ ለምሳሌ አንድ ቅርጽ እንደ ኦሪጅናል የሚቆጠረው እስከ ስምንት ቅጂና እስከ አራት የቀራጺው የራሱ ቅጂ ድረስ ነው፤ አሥራ ሦስተኛው ኦሪጅናል አይባልም። ገዢው የሚገዛው ብረቱን ብቻ ሳይሆን ሌላ አለመኖሩንም ጭምር ነው። ቀራጺው ቃሉን አጥፎ አንድ ቢጨምር የቀደሙት ሁሉ ዋጋ ይወርዳል፤ ስሙም አብሮ ይወድቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በጨረታ የሚሰማው ሚሊዮን ወደ ቀራጺው ኪስ የሚገባ ይመስላል። አይደለም። በጨረታ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የገዛው ሰው ንብረት ነው። በእንግሊዝ አገር በሕይወት ያሉ ጠቢባን ከዳግም ሽያጭ ድርሻ እንዲያገኙ በሕግ የተፈቀደው በ2006 ነው። ድርሻው ከመጀመሪያው 50 ሺህ ዩሮ ላይ 4 በመቶ ሆኖ ዋጋው ሲጨምር እየቀነሰ ይሄድ ነበር፤ ከ12,500 ዩሮ በላይም እንዳያልፍ ተወሰነ። ጣራው የሚነካው ሽያጩ 2 ሚሊዮን ዩሮ ሲደርስ ነው። እንግዲህ ናሙናው 3.4 ሚሊዮን ፓውንድ ሲያወጣ በዚህ ሕግ መሠረት ለዳግም ሽያጭ ለቀራጺው ሊከፈል የሚችለው ከፍተኛው ገንዘብ ያው 12,500 ዩሮ ነበር። የቀራጺ እውነተኛ ገቢ ከጋለሪ የመጀመሪያ ሽያጭና ከትእዛዝ ሥራ ይመጣል። የጨረታው ዜና የሚጠቅመው የሚቀጥለውን ሥራ ዋጋ ከፍ በማድረግ ነው።

የባሕር ዳሩ መቶ ሰዎች

በ1997 ጎርምሊ መቶ የብረት ሰዎችን ሠርተው በጀርመን ኩክስሃቨን የባሕር ዳርቻ አቆሙ። ሥራው «ሌላ ሥፍራ» ይባላል። ከገላቸው በተወሰዱ 17 ፎርማዎች የወጡ ሲሆን እያንዳንዱ 650 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዙረዋል፤ ሞገድ ሲመጣ ይሰጥማሉ፣ ሲመለስ ይታያሉ። ኖርዌይንና ቤልጅየምን ዞረው በ2005 በሊቨርፑል አቅራቢያ ወደሚገኘው የክሮስቢ ባሕር ዳር ደረሱ።

ፈቃዱ ጊዜያዊ ነበር። በ2006 የአካባቢው ባለሥልጣናት ማራዘሚያውን ከለከሉ። የባሕር ደኅንነት ጠባቂዎች ሰው እነሱን ተከትሎ ሄዶ በውኃ ይያዛል ብለው ሰጉ፤ በባሕሩ ላይ የሚጫወቱ ስፖርተኞችም ተቃወሙ። በሌላ በኩል ጎብኚው እየበዛ በመሄዱ ቅርጾቹ እንዳይነሡ የሚፈልግ ወገን ተሰባሰበ። በ2007 ውሳኔው ተቀይሮ በዘላቂነት እንዲቆሙ ተፈቀደ። ከጌትስሄድ ጋር ሲነጻጸር የታሪኩ አካሄድ አንድ ነው፤ መጀመሪያ ተቃውሞ፣ ቀጥሎ ልምድ፣ በመጨረሻ «የእኛ ነው» የሚል ባለቤትነት። በአደባባይ ሥራ ላይ ገንዘብ የሚያወጣ ድርጅት ይህን የጊዜ ርዝመት በሒሳቡ ውስጥ ካላስገባ በመጀመሪያው ዓመት ይደነግጣል።

የስፖንሰር ሥጋት

ሥጋቱ የእውነት መሆኑን ያሳየው «የአድማስ ክስተት» የተሰኘው ሥራ ነው። በ2007 ለንደን ውስጥ 31 የሰው ቅርጾች በሕንጻ ጣሪያዎች ጫፍና በእግረኛ መንገድ ላይ ቆሙ። አብዛኞቹ በፋይበር ግላስ የተሠሩ ናቸው፤ ለጣሪያ የሚስማማው ቀላል ነገር ስለሆነ ነው። ሥራው በ2010 ኒውዮርክ ሲደርስ ፖሊስ ጣሪያ ላይ የሚታዩት ራሳቸውን ሊወረውሩ የተዘጋጁ ሰዎች አለመሆናቸውን ለሕዝብ አስቀድሞ ማሳወቅ ነበረበት።

ሆንግ ኮንግ ላይ ግን ነገሩ ከረረ። በ2014 አንድ የባንክ ሠራተኛ ከሚሠራበት ሕንጻ ላይ ወድቆ ሞተ። የሕንጻው ባለቤት የሆነውና የትርኢቱ ስፖንሰር የነበረው የሪል ስቴት ኩባንያ ራሱን አገለለ፤ ትርኢቱም ተሰናከለ። የተካሄደው ሌላ ድጋፍ ተገኝቶ በ2015 መጨረሻ ነው። ኩባንያው ያደረገው በኀዘን ሰዓት የሚጠበቅ ነው የሚሉ ነበሩ፤ ጥበብ በአንድ ስፖንሰር ላይ መንጠልጠል የለበትም የሚሉም ነበሩ። ለነጋዴ የሚቀረው ትምህርት ግን ያው ነው፤ በሌላ ሰው ጣሪያ ላይ የሚቆም ዕቃ የጣሪያውን ባለቤት ዕጣ ይጋራል።

በ2009 ጎርምሊ በለንደን ትራፋልጋር አደባባይ ያደረጉት ደግሞ ምንም የሚሸጥ ነገር የለውም። ባዶ በነበረው አራተኛው የሐውልት መቆሚያ ላይ ለ100 ቀናት፣ ቀንና ሌሊት፣ 2,400 ተራ ሰዎች በዕጣ እየተመረጡ አንድ አንድ ሰዓት ቆሙበት። ከዚህ የቀረ ብረት የለም። የቀረው ስም ነው፤ ስም ደግሞ በዚህ ገበያ ውስጥ ዕቃ ነው።

ወርክሾፕ እንጂ ጎጆ አይደለም

ብቻውን ጎጆ ውስጥ ተቀምጦ የሚቀርጽ ጠቢብ የሚለው ምስል ለጎርምሊ አይሠራም። አርክቴክት ዴቪድ ቺፐርፊልድ ነድፈውት በ2003 የተጠናቀቀው የለንደን ስቱዲዮአቸው ከኪንግስ ክሮስ ባቡር ጣቢያ ጀርባ የሚገኝ ሲሆን መልኩ ፋብሪካ ይመስላል። ከረዳት ቀራጺያን ጋር በያጆችና በኮምፒዩተር የሚነድፉ ባለሙያዎች ይሠሩበታል። የጀሶው ልባስ በአብዛኛው ለኮምፒዩተር ስካን ቦታውን ለቋል፤ ገላው በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይለካና ወደ ብሎክና ወደ መስመር ተቀይሮ ይነደፋል። በ2010 በኔዘርላንድ ሌሊስታድ የተተከለው ቁጢጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው በዚህ መንገድ የተገኘ ነው። ቁመቱ 26 ሜትር ሲሆን ክብደቱ 60 ቶን ብቻ ነው፤ ከመልአኩ በስድስት ሜትር በልጦ ሲሶውን እንኳ አይመዝንም።

የማቅለጡ ሥራ በሌሎች እጅ ነው። በሃሊፋክስ የሚገኘው ሃርግሪቭስ የተባለ የብረት ማቅለጫ ለዓመታት አብሯቸው ሠርቷል። ይህ ድርጅት ዋነኛ ሙያው የፍሳሽና የዝናብ ውኃ ቧንቧ ነው። የቧንቧ ገበያ ሲቀዘቅዝ የቅርጽ ትእዛዝ ምድጃውን ያሞቃል። አንድ ታዋቂ ቀራጺ ከኋላው ይዞት የሚሄደው የሥራ ሰንሰለት ማቅለጫውን፣ አጓጓዡን፣ ኢንሹራንሱን፣ መሐንዲሱንና ጋለሪውን ሁሉ ይነካል።

ነቀፌታውና የሚቀጥለው ጊዜ

ጎርምሊ ያለ ነቃፊ የኖሩ አይደሉም። ዋናው ነቀፌታ ድግግሞሽ ነው። አንድ የእንግሊዛዊ ገላ በኒውዮርክ ጣሪያና በግሪክ ደሴት ላይ ሲቆም የሁሉም ሰው ምሳሌ ነው ብሎ መቀበል የሚከብዳቸው ሐያሲያን አሉ። እሳቸው ገላዬን የምጠቀመው በእጄ ያለና ከውስጥ የማውቀው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው የሚል መልስ ይሰጣሉ።

ነቀፌታው የገበያ ፊትም አለው። አቅርቦቱ ሲበዛ ዋጋ ምን ይሆናል? እስካሁን የታየው ገበያው ሥራዎቹን በደረጃ እንደሚለያቸው ነው። ከመልአኩ ጋር የተያያዙት ከላይ ተቀምጠዋል። ቀጥሎ የ1980ዎቹ የእርሳስ ሥራዎች ይፈለጋሉ፤ በቁጥር ጥቂት ናቸውና። የኋላዎቹ የብሎክ ቅርጾች በብዛት ይገኛሉ። አንድ ስም ሥር ያለ ዕቃ ሁሉ አንድ ዋጋ የለውም፤ ቡና ሁሉ ቡና ቢባልም የይርጋጨፌ በሌላው ዋጋ እንደማይሸጥ ሁሉ።

ክብሩ ግን አልተቋረጠም። በ2013 የጃፓኑን ፕሪሚየም ኢምፔሪያሌ ሽልማት ተቀበሉ፤ በ2014 «ሰር» የሚለውን ማዕረግ አገኙ። በ2019 በለንደን ሮያል አካዳሚ ሰፊ ኤግዚቢሽን ያቀረቡ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በጥንታዊቷ የግሪክ ደሴት ዴሎስ 29 ቅርጾችን አቆሙ። እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት መውጣቷን በመቃወም በ2022 በእናታቸው በኩል የጀርመን ዜግነት መውሰዳቸውን አስታወቁ። በ2024 በኖርፎክ በሚገኘው ሃውተን ሆል ግቢ እያንዳንዳቸው 620 ኪሎ የሚመዝኑ መቶ የብረት ሰዎችን ተክለዋል። አንዳንዶቹ እስከ አንገት ተቀብረው፣ ሌሎቹ በዓምድ ላይ ከፍ ብለው፣ ራሶቻቸው ሁሉ በአንድ ልክ እንዲሰለፉ ተደርገዋል።

የቅርጽ ሥራ ለመግዛት ወይም ለሕንጻው ለማሠራት የሚያስብ ባለሀብት ከዚህ ታሪክ የሚወስደው ጥያቄ እንጂ የዋጋ ዝርዝር አይደለም። ከዚህ ፎርማ ስንት ቅጂ ይወጣል፤ ገደቡስ በጽሑፍ ሰፍሯል ወይ? ፎርማው ከሥራው በኋላ ማን ዘንድ ይቀራል? ዋናው ሐውልት ሲተከል ናሙናው የማን ይሆናል፤ የአሠሪው ወይስ የቀራጺው? ብረቱ ቢዝግ፣ መሠረቱ ቢሰነጠቅ የሚጠግነው ማን ነው? ነዋሪው በመጀመሪያው ዓመት ቢቃወም ሁለተኛውን ዓመት ለመጠበቅ አቅም አለ ወይ? የጌትስሄድ ምክር ቤት እነዚህን ሁሉ አስቀድሞ ያውቅ ነበር ለማለት ያስቸግራል። ነገር ግን ናሙናውን አልጣለም፤ ያ ናሙና ብቻውን በ2008 የተሰጠው ግምት የመልአኩን ወጪ ከፍሎ 200 ሺህ ፓውንድ ያተርፋል።